ለተበላሸ ሥራ ማን ይጠየቅ ነበር?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3039 ቤት የሠራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ ጀምሮ ለአሥር ዓመት የጥራቱና የጥንካሬው ዋስ እንዲሆን ያዛል። በአሠራር ጉድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ቤቱ ቢጎዳ ወይም ቢፈርስ ተጠያቂው እሱ ነው። ይህን ዘመን የሚያሳጥር ወይም ተቋራጩን ከዋስትናው የሚያወጣ ቃል በውሉ ላይ ቢገባ እንኳ ዋጋ የለውም። ሕጉ የታወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። እኔ ዕድሜዬን በግንባታና በቧንቧ ሥራ የጨረስኩ፣ ጡረታ ከወጣሁም ወዲህ ለሽምግልናና ለባለሙያ ምስክርነት የምጠራ ሰው ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን ቁጥር ጠቅሶ ካሳ የጠየቀ ባለቤት ያየሁት እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው «ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» ይልና ሌላ ሠራተኛ ጠርቶ ሁለተኛ ይከፍላል።

ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ገንዘቡን ያጠራቀመው በስንት መከራ እንደሆነ አውቃለሁና። ሰው መብቱን የሚተወው ግን ዝም ብሎ አይደለም። ሥራ ያበላሸን ባለሙያ የመጠየቅ ልማድ በአገራችን የቆየ ነው፤ በየዘመኑ የተለዋወጠው የሚጠየቀው ሰው፣ የሚጠየቅበት ቦታና የሚጠየቅበት ማስረጃ ነው።

በተወለድኩበት በሰሜን ሸዋ ገጠር ቤት የሚሠራው በደቦ ነበር። ደቦ ለወጣ ሰው የሚቀርበው እንጀራና ጠላ ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ እሱም በተራው ቤት ሲሠራ ይመለስለታል። ስለዚህ ምርጊቱ ቢሰነጠቅ፣ ግድግዳው ቢያዘም ማንም ጎረቤቱን አይከስም። ዋጋ ተቆርጦለት የሚጠራው ሣር ከዳኙ ብቻ ነበር። እሱ ባለሙያ ነው፤ ሣሩን ከታች ጀምሮ እየደራረበ እስከ ጉልላቱ ሲያደርስ አያቴ ከሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ብርሃን የሚያሳይ ቀዳዳ ካገኘ በበትሩ እየጠቆመ ያስደፍነዋል። ዋጋው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይከፈልም። ግማሹ ሥራው ሲያልቅ ይሰጥና ግማሹ ክረምቱ እስኪገባ ይቆያል። «ሐምሌ ይየው» ይባል ነበር። ሐምሌ አይቶት ቤቱ ካላፈሰሰ ከዳኙ ቀሪውን መጥቶ ይቀበላል፤ ካፈሰሰ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌው የሚፈርደው ገንዘብ አይደለም። ከዳኙ በራሱ ጉልበት ይደግመዋል፤ ጥፋቱ የእሱ መሆኑ ከታወቀ ሣሩንም እሱ ይገዛል።

ዛሬ በትልልቅ የግንባታ ውሎች ሪቴንሽን ተብሎ ከተቋራጩ ክፍያ ላይ የሚያዘው ገንዘብ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። አያቴ ያንን የውጭ ቃል ሳይሰማ አልፏል። ግን አሠሪ በእጁ አንዳች ነገር ሳያስቀር ከሠራተኛ ጋር ከተለያየ በኋላ የሚያደርገው ልመና ብቻ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የድንኳንና የጎጆ ሰፈር ነበረች። በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍ ገብቶ ሲበዛ ቋሚና ማገር በቅርብ ተገኘ። ቆርቆሮ መጀመሪያ በጭነት ከብት፣ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ ከተማዋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ በፉርጎ መጣ። ከዓድዋ ድል በኋላ ጣሊያን ምርኮኞች በከተማዋ ግንባታ ላይ ተሰማሩ፤ የአራዳው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ እጁን ካኖሩት አንዱ ከዓድዋ የተማረከው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ነው። ከህንድ፣ ከአርመንና ከግሪክ የመጡ ግንበኞችና አናጢዎችም ነበሩ። ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ ከእንጦጦ ተራራ ውሃ በቧንቧ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስገባ። ከቁልቁለት ወርዶ እንደገና ወደ ግቢው ሽቅብ የወጣው ውሃ ለተመልካቹ ተአምር ነበር። በዚያ ዘመን በቤት ውስጥ ቧንቧ ያለው ንጉሡ ስለነበር ባለ ቧንቧውን «ለምን አፈሰሰ?» ብሎ መጠየቅ የሚችለውም ንጉሡ ነው። የከተማው ሕዝብ ውሃ የሚቀዳው ከምንጭና ከወንዝ ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መዘለል የለበትም። እጅን መናቅ በአገራችን ሥር የሰደደ በሽታ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ይሰደቡ፣ በቡዳነት ይፈሩ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ በአዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ የደረሰ ነገር ነው። ይህ አዋጅ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስለ ሰው ክብር ሲወራ ነው፤ ትክክል ነው፤ ለእኔ ግን ስለ ሥራ ጥራትም ነው። የናቁትን ሰው ስለ ሥራው ጥራት መጠየቅ ያስቸግራል። አሠሪው «ከእሱ ምን ይጠበቃል» ብሎ ይተወዋል፤ ሠራተኛውም ስሙ የማይጠራበት ሥራ ላይ እጁን አያጠብቅም። ካሳ መጠየቅ ማለት እኮ አንተ ባለሙያ ነህ፣ ቃልህ ይታሰራል ማለት ነው። የሚከበር ሰው ነው የሚከሰሰው።

ክሱስ ቢመሠረት የት ይደርስ ነበር? የድሮው ሙግት ለትንሽ ነገር የሚመች አልነበረም። መንገደኛም ቢሆን «ዳኘን» ተብሎ ይያዝና ከዛፍ ሥር ይፈርዳል፤ ይህ ለድሃ ትልቅ ነገር ነበር። ነገሩ ከፍ ሲል ግን ዋስ መጥራት፣ በማር ወይም በበቅሎ መወራረድ፣ የተረታ ደግሞ ውርርዱን መክፈል አለ። ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ ነጠላቸው ተቋጥሮ ወይም እጃቸው በሰንሰለት ተሳስሮ በቁራኛ ሲሄዱ አዲስ አበባ የመጡ የውጭ መንገደኞች እየተገረሙ ጽፈዋል። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርዱን ሥራ ያዙ፤ ዳኝነቱም መልክ እየያዘ ሄደ። ሆኖም ለአንድ የተንጋደደ በር ወይም ለተሰነጠቀ ልስን ቁራኛ የሚገባ ሰው የለም። እነዚህ ነገሮች ያለቁት በሰፈር ሽማግሌ ነው። የዛሬውም ልማዳችን የተቀዳው ከዚያ ነው፦ በጎውም፣ ጎጂውም።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ከጣሊያኖቹ ወደ አገራቸው ያልተመለሱ ባለሙያዎች ነበሩ። መካኒኩ፣ ግንበኛው፣ ቧንቧ ሠራተኛው ጋራዥና ወርክሾፕ ከፍተው የእኛን ልጆች አስተማሩ። የእኔ አለቃ ከእንዲህ ያለ ጣሊያን ሥር ያደጉ ሰው ናቸው፤ እኔ ፒያሳ አካባቢ ከነበረው ወርክሾፓቸው የገባሁት በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የለገዳዲ ውሃ ለከተማዋ በደረሰበት ሰሞን ነው። ያኔ ቧንቧ ቤቱ ድረስ ለማስገባት የሚመዘገበው ሰው በዛ፤ ሥራም እንደ ልብ ነበር።

አለቃዬን ጋሼ ነበር የምላቸው፤ ሥራ የሚያስረክቡበትን ሁኔታ አልረሳውም። የብረቱ ቧንቧ ጥርስ ከወጣለት በኋላ ቃጫ በጥርሱ አቅጣጫ ይጠመጠማል፤ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ በቱቦ መፍቻ ይጠብቃል። ቃጫው ወደ ግራ ከተጠመጠመ ሲጠብቅ ይፈታል፤ ዓይን አያየውም፤ ከወራት በኋላ ግን ግድግዳው ይረጥባል። ስለዚህ መስመሩ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ ግድግዳው ሳይለሰን ውሃ ይሞላና ሌሊቱን ያድራል። ጠዋት ጋሼ ባለቤቱን ይጠሩታል። ደረቅ ጨርቅ ይሰጡትና «በል፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ራስህ ጥረግ» ይሉታል። ጨርቁ ደርቆ ከወጣ በኋላ ነው «ድፈነው» የሚሉኝ። ባለቤቱ በገዛ እጁ ስለጠረገ ኋላ ክርክር የለም። ከዚያ በኋላ ቢያፈስ ደግሞ በጊዜው ይመለሳሉ፤ ወይ ሌላ ሰው ነክቶታል፣ ወይ ዕቃው ነው። ወርክሾፑ በር ላይ ስማቸው ተጽፏልና የት እንዳሉ ይታወቃል። ካሳ የሚባል ነገር ሲነሳ የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ ሥራው ራሱ ሳይደፈን ይታያል፣ ሠሪው ደግሞ አይጠፋም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተረቅቆ የወጣው እኔ ወርክሾፑ ከመግባቴ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ 3,367 ቁጥሮች አሉት። ውል ያልተፈጸመለት ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ከቁጥር 1771 ጀምሮ ተዘርዝሯል፦ እንደ ውሉ ይፈጸምልኝ ማለት፣ ውሉን ማፍረስ፣ የደረሰበትን ጉዳት ማስከፈል። በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበትም ይናገራል። የቤት ሥራ ውልን ለብቻው አውጥቶ ደንግጓል፤ የአሥር ዓመቱ ዋስትና ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሕጉ ሽምግልናንም አልናቀም፤ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ስለ ስምምነት፣ ስለ ዕርቅና ስለ ግልግል ብዙ ጽፎ ነበር፤ የዕርቁና የግልግሉ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ይህን ክፍል ሳነበው አያቴና ፕሮፌሰሩ ቢገናኙ የሚግባቡበት ነገር ያገኙ ነበር እላለሁ። በ1958 የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግም ፍርድ ቤት ባለሙያ ልኮ ነገሩን በቦታው እንዲያስመረምር ፈቅዷል፤ እኔ ለምስክርነት የተጠራሁት በዚህ በኩል ነው።

ግን ሕጉ የሚያስበው አሠሪ ባለ ንብረት ነው። የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሆኑ። የቤት ኪራይ መቀነሱ ብዙ ድሃ አዳነ፤ ይህን የሚክድ የለም። የጥያቄው መስመር ግን ተበጠሰ። የቀበሌ ቤት ጣራ ሲያፈስ የሚጠየቀው ማን ነው? ተከራዩ ባለቤት አይደለም፤ ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ጠጋኙ ደግሞ ቀበሌው በዘመቻ የላከው ሰው ነው። ጥገናው ተሰርቶ በሳምንቱ ቢያፈስ ሰው ለቀበሌው ሊቀ መንበር ይነግራል፤ ሊቀ መንበሩ በጀት የለም ይላል። እኔ በዚያን ጊዜ የሠራሁባቸው ሰፈሮች ውስጥ ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ቆርቆሮ እየደራረበ፣ በማዳበሪያ ኬሻ ኮርኒስ እየሠራ ነው የኖረው። በራሱ እጅ የሠራ ሰው ማንን ይጠይቃል? ቀበሌ የፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ ነገር ግን የሚሰማው የአጥር፣ የስድብና የዕዳ ነገር ነበር። አንድ ትውልድ ሙሉ «ሥራው ተበላሽቷል፣ መልሰህ ሥራልኝ» የሚለውን ቃል ሳይለምደው አደገ። ለዛሬው ዝምታችን ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ የተጀመረው የቤቶች ልማት ብዙ ሺህ ወጣቶችን በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት አደራጅቶ በር፣ መስኮት፣ ብሎኬት፣ የመብራትና የቧንቧ ዝርጋታ አሠርቷል። ሥራ ፈጥሯል፤ ብዙ ጎበዝ ልጆችም ወጥተውበታል። ግን ቤቱ ሲተላለፍ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ያልተቀባ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ቁልፉን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከበሩ ላይ ሴራሚክ ነጣፊው፣ ቀለም ቀቢው፣ ቧንቧ ሠራተኛው ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ስልክ ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ ቀብድ ይሰጣል፤ ሥራው በቁርጥ ያልቃል። ደረሰኝ የለም፤ ውል የለም፤ የሠራተኛው ሙሉ ስም እንኳ አይታወቅም። ስልኩ ላይ «ሴራሚክ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ባለቤቶችን ማኅበር አቋቋመ፤ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተበላሸ ሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚዘንብበትን አኗኗር ከዚያ በፊት አብዛኛው ሰው አያውቀውም ነበር።

ከተጠራሁባቸው አንዱን ልንገራችሁ። ከታች የሚኖሩት እናት የመታጠቢያ ቤታቸው ኮርኒስ ጠቁሮ፣ የልብስ ቁም ሣጥናቸው ረጥቦ ነበር። ከላይ ያለው ወጣት ቤቱን ካሳደሰ ገና ዓመቱ አልሞላም። ቧንቧ ሠራተኛውም ሴራሚክ ነጣፊውም መጥተው ነበር፤ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠቁማል። መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ አዘግቼ ቆጣሪውን አየሁ። የቆጣሪው ጥርስ ቆሟል፤ እንግዲህ የሚገባው ውሃ አይደለም የሚያፈሰው። ቀጥዬ የወለሉን ማስወገጃ በጨርቅ ወትፌ ወለሉን ውሃ አስሞልቼ አሳደርኩ። ጠዋት የታችኛው ኮርኒስ ላይ አዲስ እርጥበት የለም፤ ወለሉም አይደለም። በመጨረሻ ውታፉን ነቅዬ ሰማያዊ የልብስ ቀለም የበጠበጥኩበትን ውሃ በማስወገጃው ለቀቅኩት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰማያዊው ጠብታ ከታች ከኮርኒሱ ላይ ታየ። ሴራሚኩ ሲነሳ የማስወገጃው ፕላስቲክ ቱቦ ሁለቱ ቁራጮች ያለ ሙጫ ተሰክተው ሲሚንቶ ተለስኖባቸው ተገኙ። ሙጫው የዋጋ ጉዳይ አይደለም፤ ጥቂት ብር ነው። ቸኩሏል፣ አይታይም ብሏል።

ወጣቱ ጎበዝ ነበር። እኔን ከመጥራቱ በፊት ሌላ ሠራተኛ ቀጥሮ ሊያፈርሰው ሲል አክስቱ «ቆይ» አሉት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ተናዶ በመዶሻ ሁሉንም ያስፈነቅልና ማስረጃውን በገዛ እጁ ይጥለዋል። ፍርድ ቤት የላከኝ ጊዜ ሄጄ አዲስ ሴራሚክ ብቻ አይቼ የተመለስኩበት ቀን አለ። ምን ብዬ ልመስክር? አሠሪ ገና ሥራው ሲሠራ ቱቦው ሳይደፈን በስልኩ ፎቶ ያንሳ፤ ዋጋውን፣ የዕቃውን ዓይነትና የሠራተኛውን ስም በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ ሁለት ምስክር ያስፈርም፤ ሲበላሽ መጀመሪያ በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ቀን ይስጠው። ይህን ያደረገ ሰው ሲረታ ገና አላየሁም። የሸማቾች ጥበቃ ሕጉም፣ በ2002 የወጣው አዋጅ 685 ኋላም የተካው የ2006ቱ 813፣ በአገልግሎት የተጎዳ ሸማች ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው ጽፏል። የአዲስ አበባ ቻርተር አዋጅ 361/1995 የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር የሚደርስ ክርክር እንዲሰሙ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር፤ ለቧንቧና ለሴራሚክ ነገር እንደዚያ የቀረበ በር በሕይወቴ አላየሁም። ሰው ግን ወደዚያ በር የሚሄደው ለኪራይና ለብድር ነበር።

ያንን ጉዳይ የጨረስነው በሽምግልና ነው። ሦስት ሆነን ተቀመጥን። ቧንቧ ሠራተኛው ጥፋቱን አመነ፤ የተማረ ልጅ ነው፣ ቤተሰብም አለው። ወጪው ተሰላ፦ የላይኛው ሴራሚክ፣ የነጣፊው የእጅ ዋጋ፣ የታችኛው ኮርኒስና ቀለም፣ የእናትየው ቁም ሣጥን። ሁለቱ ባልደረቦቼ ወዲያው «ግማሽ በግማሽ ይሁን» አሉ። ይህ የሽማግሌ ልማድ ነው፤ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ተጎድተው በሰላም ይለያዩ ነው ነገሩ። ለድንበር ግጭት፣ ለባልና ሚስት ጠብ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ግን አሠሪው ምን አጠፋ? ከፈለ፣ ጠበቀ፣ ጎረቤቱም ተቆጡት። እናትየውስ ምን አጠፉ? ቤታቸው ተቀምጠው ነው የዘነበባቸው። የከዳኙን ነገር አነሳሁላቸው፤ ያኔ ሽማግሌው ከዳኙን «ግማሹን ጣራ ክደን» አላለውም፣ ሙሉውን ነው ያስደገመው። ልጁ የእጁን ሥራ በሙሉ ይድገም፣ የዕቃውንም ዋጋ በየወሩ እየቆረጠ ይክፈል አልኩ። በአንድ ጊዜ ክፈል ብሎ ማስጨነቅ ሌላ፣ ዕዳውን ግማሽ ማድረግ ሌላ።

ልጁ በየወሩ እከፍላለሁ ብሎ ሊስማማ ነበር። ወጣቱ አሠሪ ግን «ይቅር ጋሼ፣ ነገሩ ይለቅ» ብሎ ግማሹን ተቀበለ። የእናትየውን ኮርኒስና ቁም ሣጥን ቧንቧ ሠራተኛው በሙሉ እንዲከፍል አስማምተን፣ የላይኛው ሴራሚክ ለሁለት ተከፍሎ ተፈራረሙ። ባልደረቦቼ በሰላም አለቀ ብለው ደስ አላቸው። እኔ ፈርሜያለሁ፤ በዚያ ግማሽ ግን እስካሁን አልተስማማሁም።